አዋቂዎችና አረንጓዴው መነጽር

በአማርኛ «አዋቂ» ብለን የምንጠራቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው ተምሮና ተመራምሮ ዕውቀት የገበየው ነው። ሁለተኛው በጨለማ ጓዳ ዕጣን እያጤሰ የጠፋ ዕቃ የሚያስገኘው፣ የኮበለለ ባል የሚመልሰው ነው። «አዋቂ ቤት ሄደች» ሲባል ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዳልሄደች ሁላችንም እናውቃለን። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራቱ ብዙ ሰው ያስቃል። እኔን ግን ሲያሳስበኝ ኖሯል።

ይህን ማንሣቴ ያለ ነገር አይደለም። አንድ አገር በአስማተኞች ሲገዛ፣ ማለትም ገዥው «ፈውስ በእጄ ነው፣ ስውር ጠላት ይታየኛል፣ ኮከብና ቁጥር ይታዘዙኛል» ሲል፣ ጥፋቱ የማን ነው? በእኛ በተማርነው ወገን ዘንድ መልሱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። ሕዝቡ ነው! ሕዝቡ አልተማረም፤ በመተት፣ በዓይነ ጥላና በዛር ያምናል፤ ስለሆነም መተተኛ ይሾምበታል። ይህን በመምህራን ላውንጅ ማኪያቶ ይዞ የሚደግም ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርፍ ያገኛል፤ ራሱን ከጥፋቱ ያወጣል፣ ተበዳዩንም በደለኛ ያደርጋል። እኔ አባባሉ ተጋኗል ወይም ጎድሏል ብዬ አልለሳለስም። አባባሉ ውሸት ነው።

ክርክሬን በተረት ልጀምር። አሜሪካዊው ደራሲ ላይማን ፍራንክ ባውም በ1900 ስለ ኦዝ ምድር አንድ መጽሐፍ አሳተመ (ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የልጆች መጽሐፍ ተብሎ በመመደቡ ትልልቆቹ ሳናነበው ቀረን እንጂ ስለ መንግሥት ከተጻፉት ደንበኛ መጻሕፍት አንዱ ነው። የኦዝ ምድር አስማተኞች የተከፋፈሏት አገር ናት። በአራቱ ማዕዘን አራት ጠንቋይ ሴቶች አሉ፤ ሁለቱ ደግ፣ ሁለቱ ክፉ። መካከሏ ላይ፣ በአረንጓዴው ዕንቁ በተሰየመችው ከተማ፣ ታላቁ አስማተኛ ተቀምጧል። ወደዚህች ከተማ የሚገባ ሰው ሁሉ በሩ ላይ አረንጓዴ መነጽር ይደረግለታል፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ የከተማዋ ብርሃን ዓይን እንዳያጠፋ ነው ይባላል። መነጽሩ በስተኋላ በኩል በቁልፍ ይቆለፋል። ቁልፉም በበሩ ጠባቂ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። የከተማዋ ነዋሪዎችም ሌትና ቀን መነጽራቸውን አያወልቁም። ከተማዋ ግን እንደ ማንኛውም ከተማ ናት። አስማተኛው ደግሞ ከአሜሪካ ፊኛ ነፋስ ወስዶ የጣለው፣ ድምፁን ከሌላ ቦታ እንደሚመጣ አስመስሎ መናገር የሚችል የሰርከስ ሰው ነው።

ሆሊዉድ በ1939 ታሪኩን ፊልም ሲያደርገው የመነጽሩን ነገር ጣለው። በእኔ እምነት የጣለው የመጽሐፉን አንኳር ነው። እስቲ እናስብ፤ ሕዝቡ በእርግጥ የሚያምን ከሆነ ቁልፉ ለምን አስፈለገ? ያመነ ሰው መነጽሩን በገዛ እጁ ያጠልቃል፤ ቢወድቅበትም አንሥቶ ይመልሰዋል። ቁልፍ የሚበጀው ለማያምነው ሰው ነው። እንግዲህ በአስማት ስለሚገዛ አገር የምናነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሕዝቡ ምን ያምናል?» የሚለው ሳይሆን «ቁልፉ በማን አንገት ላይ ነው?» የሚለው ሊሆን ይገባል።

ተረት ነው ብሎ የሚያልፈኝ አንባቢ ካለ፣ የኦዝን መነጽር በአገር ልክ የሠራ ሰው በዘመናችን እንደነበረ ላስታውሰው። በምዕራብ አፍሪካዊቷ ጋምቢያ የ29 ዓመቱ ሻምበል ባሻ ሳይሆን የመቶ አለቃ ያህያ ጃሜ ሐምሌ 1994 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። በጥር 2007 ደግሞ ዲፕሎማቶችን ሰብስቦ ኤድስን የሚፈውስ መድኃኒት በእጁ እንዳለ ነገራቸው። ከቅጠላ ቅጠል የተቀመመ ቅባትና መጠጥ ነው፤ አሠራሩ ግን አይነገርም። ሕሙማኑ ወደ ፈውሱ ሲገቡ ሐኪም ያዘዘላቸውን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እንዲያቆሙ ተደረገ። ፕሬዚዳንቱ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ቁርዓኑን ይዞ፣ ሰውነታቸውን ሲቀባቸው የመንግሥት ቴሌቪዥን ለአገር ሁሉ አሳየ። በሽታቸውን ከጎረቤት ሸሽገው የኖሩ ሰዎች ፊት በአንድ ምሽት የአገር ወሬ ሆነ።

እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ልቆይ፤ አስማቱ እንዴት እንደተሠራ መረዳት ያስፈልጋልና። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ቫይረሱን ከሰውነት ጠርጎ አያወጣም፤ እንዳይባዛ ይይዘዋል። መድኃኒቱን በአግባቡ ሲወስድ የቆየ ሰው ደሙ ቢመረመር ቫይረሱ በመሣሪያ እስከማይታይ ድረስ ሊያንስ ይችላል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይባዛል፤ ሰውየው ግን ወዲያው አይወድቅም፤ ለወራት ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። አንድ ብልጥ አስማተኛ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ትናንት መድኃኒት ይወስድ የነበረውን ሰው ደም ዛሬ ቀድቶ «ይኸው፣ ቫይረሱ ጠፋ» ማለት ነው። የሆነውም ይኸው ነው። የደም ናሙና ዳካር ወደሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ተላከ፤ የተገኘው ቁጥር የፈውሱ ማረጋገጫ ተብሎ ታወጀ። የዳካሯ ተመራማሪ ኩምባ ቱሬ ካን ግን ከፈውሱ በፊት የተለካ መነሻ በሌለበት፣ በአንድ ጊዜ ልኬት ብቻ ማንም ተፈወሰ ማለት እንደማይቻል በግልጽ ተናገሩ፤ ውጤታቸው በዚህ መንገድ መዋሉንም ሐቀኝነት የጎደለው አሉት።

አሁን ልብ በሉ። ከዚህ ሥራ ውስጥ ገበሬው የሠራው የትኛውን ነው? ናሙና ቀድቶ፣ በቅዝቃዜ ጠብቆ፣ ወደ ዳካር የላከው ማን ነው? የቫይረስ መጠን የሚባለውን ነገር ለቴሌቪዥን የተረጎመው ማን ነው? ከፕሬዚዳንቱ ጎን ቆመው ፈውሱ እውነት ነው እያሉ ለዓለም የመሰከሩት የጤና ሚኒስትሩ ዶክተር ታምሲር ምቦዌ ነበሩ፤ የሕክምና ሐኪም ናቸው። ቁልፉ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ ይህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ተወካይ ፋድዛይ ግዋራድዚምባ ስለ ፈውሱ ማስረጃ ጠየቁ፤ በየካቲት 2007 ከአገር እንዲወጡ ታዘዙ። ቁልፍ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ መነጽሩን ያወለቀ ከከተማው ይወጣል።

ሕሙማኑስ? ጃሜ ከወደቀ በኋላ በእውነት፣ ዕርቅና ካሳ ኮሚሽን ፊት ቀርበው የመሰከሩት በሕይወት የተረፉት ናቸው። የተናገሩትም ስለ እምነት ብቻ አልነበረም። አንድ ርእሰ ብሔር በወታደር ተከቦ «ና ልፈውስህ» ሲል እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል ፈርተው ነበር። ከመሞትና ከመታሰር መካከል የቆመን ሰው «አጉል አማኝ» ብሎ መፈረጅ ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

በዚያው በ2007፣ ማለትም በእኛ 1999 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ የሆነውን ማስታወስ ለክርክሬ ይጠቅመኛል። ጸበልን ከጃሜ ቅባት ጋር እያመሳሰልኩ እንዳልሆነ ግን አስቀድሜ ልናገር፤ በዚህ ጉዳይ የሚጻፍልኝን ቁጣ ከወዲሁ አየዋለሁ። እንጦጦ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን ጸበል ይጠመቁ ነበር፤ ብዙዎቹ መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል ይሆንብናል ብለው ይጨነቁ ነበር። እንደ ላውንጁ ንድፈ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ፤ ሕዝቡ ያምናላ! ይሁንና ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒትም ጸበልም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው፣ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት አይደለም ብለው በይፋ ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ችግሩ ጨርሶ ጠፋ አልልም። ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ እንደሚቻል ታየ። የእንጦጦው ምእመን እምነት ከጋምቢያው ሕመምተኛ እምነት የሚያንስ አልነበረም፤ ምናልባትም ይበልጥ ነበር። ልዩነቱ በአንዱ ቦታ መድኃኒቱን እንዲጥል የሚያስገድድ የመንግሥት እጅ መኖሩ፣ በሌላው አለመኖሩ ነው።

ወደ ጋምቢያ ልመለስ፤ ከፈውሱ የከፋው በ2009 መጣ። የጃሜ አክስት ሞተች፤ በጥንቆላ ተበልታ ነው ብሎ አመነ ተባለ። ከጊኒ ጠንቋይ አጋላጮች መጡ። ከወታደሮችና አረንጓዴ ልብስ ከለበሱ የፕሬዚዳንቱ ወጣቶች ጋር ሆነው (አረንጓዴ የፓርቲው ቀለም ነበር፤ ባውም ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር?) በየመንደሩ እየዞሩ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ለቀሙ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በመጋቢት 2009 ባወጣው መግለጫ እስከ 1,000 የሚደርሱ ሰዎች ተወስደው አእምሮ የሚያስት መጠጥ በግዴታ እንደተጋቱ አስታወቀ። ኮሚሽኑ በኋላ ሲመረምር በዚህ ምክንያት የሞቱት 41 እንደሚደርሱ አረጋገጠ። ጃምቡር የምትባለው መንደር ስሟ ከዚህ ጉድ ጋር ተያይዞ ቀረ። ከተጋቱት መካከል የተረፉት ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው የተመለሱት ከነስማቸው ነው። በእኛ አገር ቃል ብንፈታው «ቡዳ» የሚል ስም ተለጥፎባቸው ማለት ነው፤ ይህ ስም ደግሞ ልጅ ልጅን እንኳ ከጋብቻ እንደሚያስቀር አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪውን ጠይቆ መረዳት ይቻላል።

እዚህ ጋ የነገሩ ውል ይገኛል። በጋምቢያ አስማተኛ ነኝ ብሎ በአደባባይ የሚናገረው አንድ ሰው ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ። በጥንቆላ የተያዙት ደግሞ ምንም ኃይል የሌላቸው አሮጊቶች ናቸው። በእኛም ዘንድ ቡዳ የሚባለው ማረሻውን የሚሠራልን ነው እንጂ ማረሻውን የሚያስገብረን ባለ ጉልት ቡዳ ተብሎ አያውቅም። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ። የአስማት መንግሥት የሚፈልገው ሕዝቡ በአስማት እንዲያምን አይደለም፤ ከእሱ በቀር ሌላ አስማተኛ እንዳይኖር ነው። ልክ ጠመንጃን በብቸኝነት እንደሚይዘው ሁሉ ተአምርንም በብቸኝነት ይይዛል። ይህን በጊዜው የተረዳ ሰው አልጠፋም። የተቃዋሚው ፖለቲከኛና የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ሃሊፋ ሳላ ወደ መንደሮቹ ሄደው የተጋቱትን አነጋገሩ፤ ጻፉም። በዚያው ወር ታሰሩ፤ ከባድ ክስም ተመሠረተባቸው። ክሱ ኋላ ተነሣ። የተማረ ሰው ሁሉ ቁልፍ ያዥ ነው እንዳልል ያገዱኝ እሳቸውና መሰሎቻቸው ናቸው።

ጋምቢያ ብቻዋን አይደለችም። ሄይቲን ከ1957 እስከ 1971 የገዛው ፍራንሷ ዱቫሊዬ «ፓፓ ዶክ» የተባለው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሐኪም ነበር። በ1940ዎቹ ቆዳን የሚበላውን የያውስ በሽታ ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ ሠርቷል፤ የሕዝብ ጤና ለመማር አሜሪካ ሄዷል፤ ስለ ቩዱ እምነትም እንደ ባህል አጥኚ ጽፏል። ሥልጣን ከያዘ በኋላ ጥቁር ልብስ፣ ጥቁር ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ በአፍንጫው እየተናገረ፣ የመቃብሩን መንፈስ ባሮን ሳምዲን መስሎ ታየ። የአፈና ጓዱን ሕዝቡ በተረት ልጆችን በከረጢት ይወስዳል በሚባለው ጭራቅ ስም ቶንቶን ማኩት ብሎ ጠራው። ቩዱን ለዱቫሊዬ ያስተማረው የገጠሩ ካህን አይደለም ብል የተጋነነ ይሆናል፤ ግን እምነቱን አጥንቶ፣ ምልክቶቹን መርጦ፣ ለመንግሥት አገልግሎት ያዋለው ምሁሩ ነው። የሄይቲ ገበሬ ከዱቫሊዬ በፊትም በቩዱ ያምን ነበር፤ እምነቱ ማንንም ለዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት አድርጎ አያውቅም።

በርማ ደግሞ ሌላ ናት። ጄኔራል ኔ ዊን በመስከረም 1987 የ25፣ የ35 እና የ75 ኪያት ኖቶችን ያለ ምንም ካሳ ከሥራ ውጭ አደረገ፤ በምትካቸው የ45 እና የ90 ኪያት ኖቶች ወጡ። ሁለቱም ለዘጠኝ ይካፈላሉ፤ ዘጠኝ ደግሞ የጄኔራሉ የዕድል ቁጥር ነበረች ይባላል። በአንድ ጀምበር ሰው በፍራሹ ሥር ያስቀመጠው ገንዘብ ወረቀት ሆነ። ሕዝቡስ በዘጠኝ ቁጥር ስላመነ ዝም አለ? በራንጉን የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ወዲያው ወጥተው ረበሹ፤ በዓመቱ፣ በነሐሴ 1988፣ አገሪቱ በሙሉ ተነሣች። ኔ ዊን ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ከፓርቲው መሪነት ለቋል። ኖቱን ያተመውንና አዋጁን ያረቀቀውን ብንጠይቅ ግን የምናገኘው ቃልቻ ሳይሆን የባንክ ባለሙያ ነው።

ለላውንጁ ክርክር የመጨረሻው መልስ ያለው በጋምቢያው ምርጫ ነው። ጋምቢያ ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት አልነበረም፤ ማንበብ የማይችለው ብዙ ስለሆነ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በብይ ነው። ልጆች የሚጫወቱባት የመስተዋት ብይ! መራጩ ወደ መጋረጃው ገብቶ የዕጩው ሥዕልና ቀለም ካለበት በርሜል ላይ ብዩን በቱቦው ይጥላል፤ ውስጥ ያለው ደወል አንድ ጊዜ ያቃጭላል። ሁለት ጊዜ ያቃጨለ እንደሆነ ማጭበርበሩ ይታወቃል። ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 መራጩ ሕዝብ በዚህ መንገድ ለአዳማ ባሮው 43.3 በመቶ፣ ለጃሜ 39.6 በመቶ ሰጠ። ጃሜ መጀመሪያ ሽንፈቱን ተቀበለ፣ በሳምንቱ ካደ፣ በመጨረሻም የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ጦራቸውን ሲያስጠጉ በጥር 2017 ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ ተጓዘ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ አስማተኛውን የጣለው ያ በአጉል እምነት የሚታማው፣ ብዙውም ፊደል ያልቆጠረ ሕዝብ ነው። የጣለውም ማንም ሳያየው፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ያለ መነጽር እንዲመለከት ሲፈቀድለት አይደለም ወይ?

«ይህ ሁሉ ጊዜስ ለምን ዝም አለ?» የሚል አይጠፋም። ዝም ያለው ስላመነ ነው የሚለውን ማስረጃ እስከ ዛሬ ያሳየኝ የለም። ዝም የሚያሰኘው ነገር ግን ሞልቷል፤ እስር አለ፣ ግርፋት አለ፣ በሌሊት የሚመጣ መኪና አለ። እነዚህን ትቶ ወደ ዛርና ወደ መተት የሚሮጥ ትንታኔ ሲያጋጥመኝ ጸሐፊው ምን ማየት እንዳልፈለገ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ወገን። የጃሜን ሙሉ ማዕረግ የሰማ ሰው ያስታውሳል፤ ሼክ፣ ፕሮፌሰር፣ አልሃጂ፣ ዶክተር። ከሃይማኖቱና ከአስማቱ ይልቅ የኛን የዩኒቨርሲቲ ማዕረግ ለምን ፈለገው? የዱቫሊዬ ቅጽል ስምስ ለምን «ዶክ» ሆነ? የ1939ኙ የሆሊዉድ ፊልም መነጽሩን ቢጥልም ይህን ነገር አልሳተውም። አእምሮ ይሰጠኝ ብሎ ለለመነው የገለባ ሰው አስማተኛው አእምሮ ሊሰጠው ስላልቻለ ዲፕሎማ ይሰጠዋል፤ በፍልስፍና ቢጤ ዶክተር ብሎ ይሾመዋል። ከስሜ በፊት ይህንኑ ፊደል የማስቀምጥ ሰው ስለሆንኩ በዚህ ትዕይንት ሌሎች በሚስቁት ልክ መሳቅ አልችልም። በመጽሐፉ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። አስማተኛው አጭበርባሪ መሆኑን የደረሱበት እነዚያ ጥቂት መንገደኞች ለከተማው ሕዝብ አልነገሩም። የየድርሻቸውን ስጦታ ተቀብለዋልና። አስማተኛው በፊኛ ሲሄድ ሕዝቡ የሰማው ደመና ላይ ያለ አስማተኛ ወንድሙን ሊጠይቅ እንደሄደ ብቻ ነው፤ ወንበሩንም ለገለባው ሰው ትቶለት ሄደ።

የጠንቋዩ ቅጠል ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጎጆ ውስጥ ቀርቶ፣ አንድ ሁለት ሰው አታልሎ፣ ባለጉዳዩም ዶሮውን አጥቶ በሄደ። አገር የሚያጠፋው ቅጠሉ ማኅተም ሲያገኝ፣ በቤተ ሙከራ ቁጥር ሲታጀብ፣ በአዋጅ ቋንቋ ሲረቀቅና በዜና ሲነበብ ነው። ይህን ሥራ ሁሉ መሥራት የሚችለው በአገሩ ውስጥ አንድ ወገን ብቻ ነው፤ እሱም ዲግሪ ያለው ነው። ስለዚህ «ሕዝቡ ነው» የምትሉኝ ወዳጆቼ እስቲ አንዱን ብቻ መልሱልኝ፤ የዳካሩን ቁጥር ለቴሌቪዥን ያዘጋጀችው የጃምቡር አሮጊት ናት?